ለእማማ በላይነሽ ያልነገርኳቸው

ጡረታ የወጣሁት በጉልበቴ ምክንያት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም ጉልበቶቼ ደረጃ ባዩ ቁጥር ያጉረመርማሉ። ዋናው ምክንያት ግን ያቺ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈች ጥቁርና ነጭ ካሬ ናት። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስልኩን አውጥቶ ካሬዋን ፎቶ ያነሳል፣ የሚበላውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ያዝዛል። እኔ ሳህን ተሸክሜ ስደርስ ቀና ብሎም አያየኝ። ውስጡ ምን አለበት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ወራት አለፉ። ሶ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ አልኩና ወጣሁ።

ልጆቼ ትዝታህን ጻፈው ይሉኛል፣ በእንግሊዝኛ እርግጥ። ምኑን ልጻፈው? ዕድሜዬን ሙሉ ሳህን ሳቀርብና ሳህን ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እውነቱን ለመናገር ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የራሱ ሙያ አለው። በዚሁ ሙያ ደግሞ አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቄያለሁ። የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ነው። የቀረውን የማወራው እዚያ ለመድረስ ያህል ነው።

ሲያትል የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በዲቪ ነው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ ክራባት አስሬ ፋይል የማወጣና የማስገባ ሰው። አሜሪካን የጀመርኳት ግን ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቱክዊላ፣ መጋዘን ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን በመደርደር ነው። አለቃችን ሽንት ቤት የቆየንበትን ደቂቃ በእጅ ሰዓቱ የሚለካ ሰው ነበር። ስምንት ወር ቻልኩት። ከዚያ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። እዚያ አለቃዬ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች፤ በአንድ እጅ ሦስት ሳህን መያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አውራ ጣቴ የሳህኑን ጠርዝ አልፎ ከገባ ምግቡን መልሳ ታስጥለኝ ነበር። ሰው ጣትህን አላዘዘም ትላለች። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአውቶቡስ ይበቃል፣ አገር ቤት ለመላክ አይበቃም።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ነው ኬንጂ ጋ የወሰደኝ። ኬንጂ ጃፓናዊ ነው፣ የኮቤ ሰው። ኮቤ የወደብ ከተማ ናት፤ እዚያ ገና በወጣትነቱ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ተቀጥሮ፣ ምግቡን ከሌላ ጃፓናዊ ተምሮ፣ ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ ነው ሲያትል የመጣው። እዚህም መጥቶ በኤሽያውያኑ ሰፈር፣ በቻይና መድኃኒት ሱቅና በቬትናሞች ዳቦ ቤት መሀል የጣልያን ምግብ ቤት ከፈተ። መጀመሪያ ሳህን አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣል፤ ግን አንቱ በማይባልበት ቋንቋ ስለተዋወቅን አንተ ብዬው ቀረሁ፣ እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ኬንጂ የራሱ ደንብ ነበረው። ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው፣ ሳህን አጣቢም ይሁን፣ የመጀመሪያዋን ሰኞ ጥሩ ልብሱን ለብሶ በፊት ለፊት በር ይገባል። ኬንጂ ራሱ ኮቱን ይቀበለዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስተናግደዋል። ኮቤ መምህሩ እንዲህ ያደርጉት ነበር። እኔም ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ገባሁ። ሰው ቤት ሽማግሌ የተላክሁ ነው የመሰልኩት። አዲስ አበባ ፓስታ አንሶኝ አያውቅም፤ ላዛኛም በሉኝ ፎርኬታ መያዝ የሚያስተምረኝ የለም። እንዲያ ተቀምጬ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሾርባ ሲያቀርብልኝ ግን እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ልነሳ አልኩ። ተቀመጥ አለኝ። የሚስተናገድ ሰው ምን ያህል እንደሚያፍር ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ኬንጂም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ያን ቀን የቀረበልኝ ሚኔስትሮኔ የሚሉት የአትክልት ሾርባ ነው። ኬንጂ አጠገቤ ቆሞ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ያለበትን ነገረኝ። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት። ዘጠነኛውን ጣት ከማጠፉ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ነገር በመዳፉ ይዞ መጣ። የደረቅ ፎርማጆ ቅርፊት ነው፣ ጠንካራው የውጪው ልጣጭ። ሌላው ቤት ይጥለዋል። እሱ ያጠራቅመዋል፤ ሾርባው መፍላት ሲጀምር ይከተዋል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይበስላል፣ ሲለሰልስ አውጥቶ ይጥለዋል። ሥጋ ሳይገባበት ያን ሁሉ ጣዕም ከየት አመጣው የምትለው ሾርባ፣ ያመጣው ከዚያ ቅርፊት ነው። በሉ ይህችን ነገር ያዙልኝ። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም፤ በመዳፉ ይዞ አሳይቶኛል።

በዓመቱ አስተናጋጅ ሆንኩ። ኬንጂ ሰው ምግቡን ወደደው አልወደደው ለማወቅ አፉን አትጠይቅ፣ እጁን እይ ይለኝ ነበር። የሲያትል ሰው ጨዋ ነው፤ ቢመረውም ግሩም ነው ብሎህ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ሳህኑን በጣቱ ካዞረ፣ ሹካውን አስቀምጦ ውሃ ካነሳ፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሐበሻው ደግሞ ሌላ ነው። በቃኝ ሲል ጨምርልኝ ማለቱ ነው፣ ጨምር ሲል ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ነው። ይህንን ለኬንጂ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ለአዲስ እንግዳ ሁሉ ደግሞ ኬንጂ አንዴ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ፣ በቀረበለት ሳህን ውስጥ ያለውን በጣቱ እየቆጠረ ይነግረዋል። አንዳንዱ ይሰለቻል። ኬንጂ ግድ የለውም፣ ቆጥሮ ሳይጨርስ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ምሳዬን ምን ልብላ የሚለው ነገር አስጨነቀኝ። ውጪው ዝናብ ነው፣ ቆሜ እውላለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንጀቴ ይታጠፋል። ድስቱ ሙሉ ሾርባ ፊቴ አለ። ቅርፊቱ ወጥቶ ተጥሏል፤ ሾርባው ውስጥ አይብ የሚባል ነገር አይታይም። ይሁን እስቲ ብዬ በላሁ። በማግስቱም ይሁን አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ሁዳዴ ላይ ይሁን ማለቱንም ተውኩት። በእኔ ቤት ያ ሾርባ የጾም ሾርባ ሆኖ ቀረ። ሰው ራሱን እንዲህ ነው የሚያታልለው፣ ቀስ አድርጎ።

በዚያው በሦስተኛው ሁዳዴ ሰብለ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ የነርስነት ፈተናዋን አለፈች። ከሲያትል በስተሰሜን ሊንውድ ነው የምትኖረው፤ እናቷን እማማ በላይነሽን ካስመጣቻቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። እማማ በላይነሽ ቆራቢ ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ አብረው ቆርበው፣ ከዚያ ወዲህ ጾም ገድፈው አያውቁም፤ ወልደው አራስ ቤት ሳሉ እንኳ ቄሱ ከፈቀዱላቸው አልፈው አልበሉም ትላለች ሰብለ። አሜሪካ መጥተው ከልጃቸው ቤት ውጪ አንድም ጉርሻ አልቀመሱም። ምን እንደሚያደርጉበት በምን ይታወቃል ይላሉ። ሰብለ እናቷን አንድ ቀን ምግብ ቤት ወስዳ በጠረጴዛ ጨርቅ ላይ፣ በሰው እጅ ተስተናግደው ማየት ፈለገች። ያስተማሩኝ እኮ እንጀራ ሸጠው ነው አለችኝ። ጾሙ እስኪፈታ ብትጠብቅ አዲሱ ሥራዋ የሌሊት ሺፍት ስለሆነ ጊዜ አይኖራትም። ታዲያ ምን ችግር አለ፣ አምጫቸው፣ የጾም ሾርባ አለን፣ እንቁላል የሌለበት ፓስታም አለን አልኳት። አፌን አላደናቀፈኝም።

ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጡ። ነጭ ነጠላ አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ሸፍነው፣ በሩ ላይ ቆም ብለው አዩ። ወንበር ስቤ ሳስቀምጣቸው ልነሳልህ አሉኝ፤ ይህችን ነገር እኔም አውቃታለሁ። እሁድ እንደሚቆርቡ፣ ስለዚህ ተጠንቀቅልኝ ብላ ሰብለ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሾርባውን አቀረብኩ። ማንኪያውን አላነሱም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ እውነት ምንም የለበትም?»

«በእኔ ይሁንብዎ እማማ። ቅንጣት የፍስክ ነገር የለበትም።»

ሲሉ የሰማሁትን ነው ያልኩት። አገራችን አንድ ሰው እንግዳው እንዲበላለት ሲፈልግ በእኔ ይሁን ይላል፤ ኃጢአት ካለበትም እኔ እሸከመዋለሁ ማለቱ ነው። ሁላችንም እንለዋለን፣ ማንም ምን እንደተሸከመ አስቦ አያውቅም። እማማ በላይነሽ ግን የሰውን ቃል እንደ ቃል የሚሰሙ ሴት ነበሩ። አማተቡና በሉ። ጨረሱት። ልጨምርልዎ ስላቸው በቃኝ አሉ፤ ጨመርኩላቸው፤ እሱንም በሉ። የሰብለ ፊት በራ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ፣ ኩራት ተሰማኝ።

ሰብለ መኪናዋን ፓርክ ያደረገችበት ሜትር ላይ ሳንቲም ልትጨምር ወጣች። ልክ በዚያች ደቂቃ ኬንጂ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ መጣ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው፤ እሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው መልሰው እጅ ነሱት። ከዚያ መቁጠር ጀመረ፣ እያንዳንዷን ለእሳቸው በአማርኛ እንድነግር በዓይኑ እያመለከተኝ። ሽንኩርት አለ፣ ሽንኩርት አልኩ። ካሮት አለ፣ ካሮት አልኩ። ቦሎቄውንም፣ ዘይቱንም አልኩ። እማማ በላይነሽ እንደ ልጅ በየጣቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዘጠነኛውን ጣት አጥፎ፣ በእንግሊዝኛው፣ የፎርማጆ ቅርፊት አለ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለሦስት ዓመት የተኛ ነገር ድንገት ቀና አለብኝ። ፊታቸውን አየሁ፤ ጠግበዋል፣ ደስ ብሏቸዋል፣ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ።

«ይኸው ነው እማማ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ይልዎታል።»

መርቀውን ሄዱ። ለኬንጂም ለእኔም እኩል ነው የመረቁት።

ኬንጂ ወጥ ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ተቆጥቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልተቆጣም።

«እኔ ዘጠኝ ጣት አጠፍኩ» አለኝ። «አንተ ስምንት ነገር ነው የነገርካት።»

አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም። ቆጥሮ ነው የደረሰብኝ። መጀመሪያ ሁለቱን በአንድ ቃል አጠቃለልኩት ብዬ ልዋሽ ሞከርኩ። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ስለ ጾሙ፣ ስለ ቁርባኑ፣ እኔም ሦስት ዓመት ስበላው እንደኖርኩ። አሁን ብንነግራቸው ሐዘን እንጂ ሌላ ምን እናተርፋለን፣ እሳቸው እንደሆኑ አያውቁም አልኩት።

«አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «እኔም አሁን አወቅሁ። የማታውቀው የበላችው ሴትዮ ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ምግብ ቤት አልከፈትኩም።»

ነግሬያቸው እስክመለስ ድረስ ሺፍት እንደሌለኝ ነገረኝና ወደ ድስቱ ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሊንውድ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ራሴን ስመክር ሄድኩ። ሥራ ለማቆየት ስል ነው የአንዲት አሮጊትን ሰላም የምነሳው? ዝም ብል ደግሞ ነገ ይቆርባሉ፣ ሳያውቁ። ይህንን በገዛ እጄ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንድ ፌርማታ ላይ ወርጄ ነበር፤ የመመለሻውን አውቶቡስ ቆሜ ጠበቅሁ፣ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ አልገባም ብዬ ሹፌሩን አሳለፍኩት።

በሩን የከፈተችልኝ የሰብለ ልጅ ናት፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ግራንድማ ጸሎት ላይ ናቸው አለችኝ በእንግሊዝኛ። ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እማማ በላይነሽ ዳዊታቸውን አጥፈው ሲመጡ ደስ አላቸው፤ ትናንት ያበላኸኝ ሳያንስ ልትጠይቀኝ መጣህ አሉ። የባሰው ይህ ነው።

ቆሜ ነገርኳቸው። ሾርባው ውስጥ የፎርማጆ ቅርፊት እንደሚበስል፣ ሰውዬው ሲቆጥር እሷን እንደዘለልኳት። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሳታውቅ ነው አይደል የሰጠኸኝ? ትናንት ሲቆጥር ነው የሰማኸው።»

ማምለጫ በር ከፍተውልኝ ነበር። አዎ ብል ያልቅ ነበር። እሳቸውም ይህንኑ እንድላቸው የሚለምኑኝ መሰለኝ።

«አውቅ ነበር እማማ። ለራሴ ስል የረሳሁት አስመስዬ ነው እንጂ አውቅ ነበር።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደገና አጣፉት።

«በእኔ ይሁን ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ብዬዎታለሁ።»

«እንዲህ ያለው ነገር በሰው አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «አፉ የእኔ ነው።»

ከዚያ ሰብለን ጠርተው ለንስሐ አባታቸው ኮል አድርጊልኝ አሏት። ሰብለ እኔን ያየችበትን አስተያየት አልረሳውም፤ ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም፣ ደግ አደረገች። ቄሱ በስልክ ሳያውቁ ነው የበሉት፣ ልብዎ አልገደፈም፣ ይቁረቡ አሏቸው። ለእኔ ግን ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ይህ ጉልበቴ በአስተናጋጅነት ብቻ አይደለም ያለቀው። ስወጣ እማማ በላይነሽ በር ድረስ ሸኙኝ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ አሉኝ፤ ከልባቸው ነው፣ ዓይናቸውን አይቻለሁ።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ሰው ለመቁረብ ሲነሳ በሴቶቹ በኩል ፈለግኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ተሸፋፍነው ቆመዋል። ሰልፉ አለፋቸው። ቄሱ ቢፈቅዱላቸውም አልሄዱም። ልጆች በእናቶቻቸው ጀርባ ሆነው አለፏቸው፣ እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ። ያን ሰልፍ ያሳለፍኩባቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ኬንጂ ነገርካት ወይ አለኝ፣ ነገርኳት አልኩት፣ ሽርጤን ሰጠኝ። ኬንጂ እርጅና ሲጫጫነው ቤቱን ሸጦ ኮቤ ገባ። እኔ ከአዲሶቹ ባለቤቶች ጋር እስከ ጡረታዬ ቆየሁ፤ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ያለበትን ሳልናገር ሳህን አስቀምጬ አላውቅም። ያቺ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ካሬ ለምን እንዳናደደችኝ ይኸው ነው።

እማማ በላይነሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው ወደዱኝ። ልጆቼን ክርስትና ሲነሱ መርቀዋል፣ ስታመም ከሊንውድ ኮል እያስደረጉ ጠይቀውኛል። ሰብለ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ሰፈር ቤት የገዛች ጊዜ የፋሲካ ዕለት ብዙ ሰው ጠራች፤ ታርቀን ስለነበር እኔንም ጠራችኝ፣ ሰው ሲበዛ ማስተናገድ ደግሞ የማያልፈኝ ሥራ ነው። እማማ በላይነሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥብሱን በሳህን አድርጌ ወሰድኩላቸው፤ የበሬ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሮዝሜሪ፣ ሌላ የለበትም እማማ አልኳቸው። ጉልበቴን ጠየቁኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ሳህኑ ላይ ጋረድ አድርገው፣ ጠግቤያለሁ ልጄ፣ ለሌላ ሰው ስጥልኝ አሉ። እሺ ብዬ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ጥቂት ቆይቼ ዞር ስል የልጅ ልጃቸው ከዚያው ከጥብሱ ድስት ጨልፋ አመጣችላቸው። አማትበው ከልጅቷ እጅ ተቀበሉና በሉ።